ማሳ

የካቲት ነው፤ የፖድላሼ ውርጭ ጣት ይቆርጣል፣
ዜኖን ካሮጌው ኡርሱስ ትራክተር ስር በጀርባው ተንጋሏል።
ቁልፉን ሲያዞረው «ጠቅ»፤ ከዚያ ወዲያ ዝም።
ባትሪውን ለካው፤ ሙሉ ነው፣ አልደከመም።
ሞተሪኖውን ፈታ፤ አንዱ ቡሎን ዝጎ
የጣቱን ቆዳ ላጠው እንጂ አልወጣም ፈልጎ።
ካርቦኑን አየው፤ ገና ነው፣ አልተበላም፤
ቤንዲክሱን አሽከረከረው፤ እሱም አላጠፋም።

በወጣትነቷ የመንግሥት እርሻ ላይ ትራክተር የነዳች
ጎረቤቱ ያድቪጋ ትኩስ ወተት ይዛ መጣች፤
«አረንጓዴው አምሮበታል፤ መቼ ቀባኸው?»
«በመስከረም፣ ለልጄ ሠርግ፤ ዝገቱ ቢያሳፍረኝ ነው።»
ሳቀች።
«እንግዲያው ዜኖን፣ ማሳውን ተመልከት፤
ቀለም ለብሶ እንዳይሆን ገመዱ የሚያርፍበት።»

ፋቀ። ከአረንጓዴው ስር ጥሬው ብረት ታየ፣
እንደ አዲስ ሳንቲም ነጭ፣ ከቀለሙ የተለየ።
ሞተሪኖውን ገጥሞ፣ ማሳውን አስሮ፣ ቁልፉን አዞረ፤
ኡርሱስ ሳለ፣ ጢስ ተፋ፣ ዶሮውን አስደነበረ።

«ማሳ ያጣ» አለች ያድቪጋ፣ «ጠቅ ብሎ ይቀራል።»
ዜኖን መልስ አልነበረውም፤
ልጁ ዋርሶ ናት፤ ወተቱ ቀዝቅዟል።