የመዝገብ ቤቱ ሰው ፈቃድ ወጣ

«ያልወጣኸው ፈቃድ ተጠራቅሟል» አሉኝ፣
እንደ አሮጌ ብድር ቆጥረው አስረከቡኝ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመዝገብ ቤት ጓዳ
የሰው ድንበር ስቆጥር፣ የሰው ውል፣ የሰው ዕዳ፣
ያተረፍኩት ሳል ነው፣ የአቧራ ሳል፤
ሐኪሙም አለኝ፦ «ቆላ ውረድ፣ ሙቀት ይሻልሃል።»

ከአዘዞ ተሳፈርኩ በሚኒባስ ጥጉን፣
ዶሮ ያቀፈች ሴት ወስዳብኝ መስኮቱን፤
ቆላ ድባ ወረድን፣ ሻይ ጠጣን፣ ቀጠልን፤
ቁልቁል በወረድን ቁጥር ሙቀት ተቀበለን።
ጯሂት ላይ ኮቴ ወለቀ፣ ቀጥሎ ክራባቴ፤
ጎርጎራ ሻይ ቤት አደራ ቀረ፣ ከነመሥሪያ ቤቴ።

እንየው ይባላል ቀዛፊው። ታንኳው ደንገል ነው።
«አትነቃነቅ» አለኝ፣ «አንተ ያለኸው ሣር ላይ ነው፣
ሣሩም ያለው ውሃ ላይ፤ የውሃውን እሱ ያውቀው።»

ደሴቲቱ ጠባብ ናት፤ ጎጆዋ አሥራ አራት፣
አንድ ዋርካ ብቻ አላት፣ መረብ የሚሰጣባት።
ስልክ የሚፈልግ ሰው ዋርካው ላይ ይወጣል፤
እኔ አልወጣሁም። ማን ምን ይለኛል?

የመጀመሪያውን ቀን ተኛሁ። ሁለተኛውንም።
በሦስተኛው ሰዓት ጠየቅሁ፤ የሚያውቀው የለም።

ከዚያ ወዲያ ነው ጆሮዬ የተፈታው፦
ጉማሬ ሲተነፍስ ሌሊት ከደንገሉ ሥር፣
የእንየው ሚስት ደብሬ ዓሣ ስትፍቅ፣ ቅርፊቱ ሲበር፣
ክንዷ ላይ ደርቆ ሲያበራ እንደ ብር።
ምሳ ቆሮሶ ነበር፣ ከዳጉሳ ቂጣ ጋራ፤
አጥንት ስለቅም ዋልኩ፣ እንደ ሒሳብ መርማሪ፣ ተራ በተራ።

ልጃቸው ማንጠግቦሽ፣ ሰባት ዓመቷ፣ ጥርስ የጎደላት፣
«ጎንደር ምን ታጠምዳለህ?» አለችኝ። «ወረቀት» አልኳት።
«ይበላል?»
ዝም አልኩ። ውሃው ድንጋይ ይልሳል።
«አይበላም» አልኩ ኋላ፣ «ግን ይበላበታል።»

ልማድ ክፉ ነው። ጠየቅሁት እንየውን፣
ከጎረቤቱ ጋር የሚለይበትን ድንበሩን።
በመቅዘፊያው ጫፍ ውሃውን ቀደደው፤
እስኪገጥም ጠበቀና፣ «ያ ነው» አለኝ፣ «ያ ነው።»

ሰው ግን ሰው ነውና፣ በአምስተኛው ሌሊት
ጩኸት ቀሰቀሰኝ፣ የሁለት ሰው ሙግት።
የስጦታውን መረብ እምቦጭ ገፍቶ ወስዶ፣
ከእንየው መረብ ጋር አንድ ላይ አጋምዶ፤
መሃሉ አንድ አምባዛ፣ የሕፃን ልጅ ቁመት፣
በሁለት መረብ የተያዘ፣ ባለ ሁለት ባለቤት።
«የኔ ነው!» «የኔ ነው!»
ድምፁን አወቅሁት እኔ፣
ሃያ ሦስት ዓመት ያደረ ከጎኔ።
እጄ ወደ ደረቴ ሄደ፣ እስክሪብቶ ፍለጋ፣
«ከሳሽ ማን? ምስክር ማን?» ልል፣ ሌቱ ሳይነጋ።
የለም፤ ከኮቴ ጋር ቀርቷል።

ደብሬ ቢላ ይዛ መጣች፣ ጎንበስ አለች፣
ዓሣውን ከአንገት እስከ ጅራት ሰነጠቀች፤
«ዳኛ ነህ አሉ» አለችኝ፣ «ጭንቅላቱን ያዘው።»
«መዝገብ ጠባቂ ነኝ» አልኩ።
«እሱንም ጠብቀው።»

ሳቁ ውሃውን ተሻግሮ ማዶ ደረሰ፤
ስጦታው ሲጋራ አውጥቶ ለእንየው ለኮሰ።
እስኪነጋ መረብ ሲፈቱ፣ እምቦጩን ሲነቅሉ፣
እኔ ጭንቅላቱን ታቅፌ ተቀመጥኩ ከመሃሉ።

ሰኞ ሥራ ገባሁ። ጠቁሬያለሁ። ሳሉ የለም።
አለቃዬ አፍንጫውን ይዞ አለፈ፤ ምንም አላለኝም።
ሁለት ወንድማማቾች መጡ፣ ለአንድ ክንድ መሬት፣
ሠላሳ ገጽ ክስ ይዘው፣ አሥር ዓመት ያደረበት።
መዝገቡን ስገልጥ ቅርፊት ከእጅጌዬ ወደቀ፣
እንደ ጥፍር የሳሳ። ገጽ ዘጠኝ ላይ ተጣበቀ።
ታናሹ በጣቱ አነሳው። «ምንድነው?» አለ።
ታላቁ አንገቱን አስግጎ ወደ እሱ ዘነበለ።
በመስኮቱ ብርሃን ተቀባበሉና አዩት።

ቀጠሮ ልጽፍ ነበር።
ቆየሁ። ይዩት።