ለጦይባ፣ ከግንበኛ ወንድሟ

ከአቴና መጣሽ፣ ዘጠኝ ዓመት ቆይተሽ፣
ስታቭሩላ ላልሻት አሮጊት ዓይን ሆነሽ።
ጎረቤት ሲጠይቅ ደሞዝሽን፣ ቤትሽን፣
እኔ የጠየቅሁሽ ድንጋይ ድንጋዩን።

ሰላሳ ዓመት ሙሉ መሮ ይዤ ስኖር
ከሆጤ እስከ ፒያሳ፣ እስከ ሸዋ በር
እጄ ያልነካችው የድንጋይ አጥር
አለ ቢሉኝ እንኳ አላምንም፤ ግን ደግሞ
እግሬ ከኮምቦልቻ አልተሻገረም ቀድሞ።

«ጭቃ የለውም ወይ? ኖራስ?» ብዬ ብልሽ
«ምንም የለው» አልሽኝ፤ መጣ ያ ሳቅሽ።
«ብረት ነው ከውስጡ፣ ዙሪያው እርሳስ ፈሶ፣
እንደ ጥርስ የያዘው አንዱን ካንዱ ነክሶ።
ምሰሶው ቁልል ነው፤ ፋብሪካ እያለሁ፣
የደረደርኩትን ድውር መስሎኝ ቆጠርሁ።
አሥራ አንድ ላይ ስደርስ ፊሽካ ተነፋብኝ፤
ድንጋዩን ነክቼ፣ ለካስ ሌባ አስመሰለኝ።»

ድንጋይ መንካት ወንጀል? እኔ ይህን ስሰማ
መዳፌን በመዳፌ ዳሰስሁ በጨለማ፤
መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ጦሳም ጭጋግ ለብሶ፣
ስንጥቁ ግን ያው ነው፣ አቧራውን ጎርሶ።

«ሐምሌ እዚያ እሳት ነው፤ ቀትር ላይ ይዘጋል፣
ውሃ የጨረሰ ጥላ ሥር ይሻማል፤
ዕብነ በረዱ ደግሞ በጫማ ተልሶ
ሙልጭልጭ ይላል፣ እንደ ሳሙና ርሶ።
ስንቱ ሲወድቅ አየሁ! ኮፍያው ሲንከባለል፣
የጥንቱ አማልክት የሚስቁ ይመስል።»

ደግሞ አንበሶቹ! ከአሮጌው ከተማ
በር ላይ የቆሙቱ፣ አንገታቸው ባዶ፤
አንዱ ጎብኚ «ጦር ነው»፣ ሌላው «መብረቅ ወርዶ»፣
አሮጊትሽ ደግሞ «ዘመን» ስትል ሰማሽ።
እኔ ግን ሳላየው፣ ከዚሁ ልንገርሽ፦
ራሱን ለብቻ ነው የቀጠለው ጠራቢው፤
የቀጠሉት ነገር መጀመሪያ ወዳቂው።
ሥራ የሚያውቅ ያውቃል።

ወደ ዴልፊ ስትወጡ፣ አውቶቡሱ ሲዞር፣
ገደሉን አይተሽ፣ ሆድሽ ሲሸበር፣
«ሐረጎ!» ብለሽ ጮኽሽ። አንዷ ፈረንጅ ብቻ
«ምንድን ነው?» ብትልሽ፣ «ከታች ኮምቦልቻ»
አልሻት፤ ጻፈችው ደብተሯን አውጥታ፣
ከግሪክኛ ቆጥራው፣ ከሥሩ መስመር ሰጥታ።

ጫፉ ላይ ስትደርሱ፣ ጥላዋን ጨብጣ
«ጠይቂ» አለችሽ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፤
«ጥንት ንጉሥ ሁሉ መጥቶ ይጠይቅ ነበረ።»
ምን ጠየቅሽ ብልሽ፣ ወሬሽ ተቀየረ፤

ወደ ቲያትሩ፣ ድንጋይ መቀመጫው
ተራራ ተደግፎ እንደ እርከን የወጣው፤
አስጎብኚው ከታች ሳንቲም ሲጥል፣ ካናት
የተቀመጠ ሰው እንዴት እንደሰማት።

አላመንኩም። ማለቴ፣ አንቺንስ አመንኩሽ፤
ድንጋዩን ነው እንጂ። በይ ተነሺ አልኩሽ።

ከአዝዋ ገደል በታች እኔ የካብኩት አለ፣
ስልሳ ሁለት ደረጃ፣ አንዱም ያልተነቀለ።
አንቺን ላይ ሰድጄ፣ እኔ ታች ቀርቼ፣
የአንድ ብር ሳንቲም ከኪሴ አግኝቼ
ጣልኋት።
ያኔ ደግሞ አንድ የጭነት መኪና
ማርሹን እየለወጠ ዳገት ጀመረና፣
እኔው ራሴ እንኳ፣ ከእግሬ ሥር የጣልሁት፣
ስታርፍ አልሰማኋት፤ ባይኔ ነው ያየሁት።

«ሰማሽ?» ብዬ ጮህሁ። ሻርፕሽ እየነፈሰ
«አብሽር፣ ሰማሁ!» አልሽ፣ ድምፅሽ እየተቆረሰ።

ዋሽተሽ ነው፣ አውቃለሁ። ላነሣት ጎንበስ ስል
ሳንቲሟ ገብታለች ከሁለት ድንጋይ መሐል፣
እኔ ከገጠምኩት፣ ምላጭ አያስገባም
ብዬ ከማልኩበት፣ ለሰው ለማህበሩም።
በሚስማር ሞከርኩ፣ በጣቴ ጫፍ ጫርኋት፤
ይበልጥ ሰመጠች። ተውኋት።

አንቺ ቁልቁል ወርደሽ፣ ትንፋሽሽ ቁርጥ ብሎ፣
«ሳንቲሙስ?» ብትዪኝ፣ ዳመና አሳይቼ
«ዝናብ መጣ» አልሁሽ፣ ኮሌታ አንሥቼ።