ለአንድ መንጋጋ ጥርስ የተሰጠ ደረሰኝ

ከቢቸና ቁልቁል፣ ዓባይ አፋፍ ላይ፣
ጤፉ ከግራ ከቀኝ ደርሶ ሲታይ፣
መሐሉ ማረሻ ያልነካው መሬት አለ፤
ሦስት ጥማድ ይሆናል፣ ሙጃ የበቀለ።
«ይህስ የማን ነው?» አልነው አዝመራውን፤
በጅራፉ እጀታ ጠቁሞ ወሰኑን፣
«የቸነፈር ርስት ነው» አለ፤ «የኛ አይደለም።»
የጎረቤት ስም እንደሚጠራ፤ ቁጣም ፍርሃትም የለም።

ያለፈው ነሐሴ ጎርፍ ነው የናደው፤
አጥንት ባጥንት ላይ፣ ግማሹ ተደፍቶ፣ ግማሹ በጎኑ ተኝቶ፤
ቀባሪ ቸኩሎ፣ ወይም ቀባሪ ጠፍቶ።
የኔታ ላእከ ማርያም መጡ በመቋሚያ፤
ቆጠሩ፣ አሥራ ዘጠኝ። ደግመው ቆጠሩ ከዚያ።
«ስማቸውን አንተ ታውቃለህ» ብለው
ዳዊት ደገሙላቸው፤ ፈቷቸው።
ቀና ሲሉ እኛን አዩን፣
ጓንታችንን፣ ሣጥናችንን።

«ምን ልትወስዱ ነው?»
«አንድ ጥርስ፣ የኔታ።
ሥጋ ይፈርሳል፤ ጥርስ ግን ጎተራ ነው፤
በሽታው በደም ገብቶ እዚያው ደርቆ ይሆናል።»
«ትመልሳላችሁ?»
«እንመልሳለን።»
«እንግዲያው ይጻፍ።»
ከተማሪ ደብተር ቅዳጅ ላይ፣ ጉልበቴን ጠረጴዛ አድርጌ ጻፍሁ፦
«አንድ መንጋጋ ጥርስ፣ የታች፣ በስተግራ፣
ስሟ ከማይታወቅ ሴት ተረከብሁ።»
ፈረምሁ።

ደብረ ማርቆስ። መብራት ሄዶ የመጣ ሌሊት።
ይታክቱ ጓንት በጓንት ደርባ፣ ትንፋሿን ውጣ፣
ጥርሱን በስስ መጋዝ ስትገምሰው የተቃጠለ ቀንድ ሽታ መጣ።
«ይቅር በይኝ፣ እመቴ» አለች።
መመሪያው ላይ የለም። አልሳቅሁም።

ያ የምንፈልገው፣
እግር የለው፣ ክንፍ የለው፣
በመርፌ ጫፍ ላይ ሺህ ሆኖ ገበያ የሚውለው፣
አይጥን ቤት አድርጎ፣ ቁንጫን በቅሎ፣
ጉሮሮዋን በገዛ ዘሩ ክምር ቆልፎ፤
ብትመጥ አይወርድላት፣ ብትነክስ አትጠግብ፣
ከገላ ወደ ገላ ያዞራታል ርሃብ።
ርሃቧን ነው የሚጋልበው፤ እሷን አይደለም።
ይህን ያነበብሁ ለት ብብቴን ዳበስሁ፤ ንፍፊት የለም።

ማሽኑ ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት ለቀመ፦
የአፈር ተሐዋስያን፣ የሙጃ ሥር፣
የይታክቱ የራሷ ቆዳ ሳይቀር።
ከዚያ ሁሉ ሚሊዮን፣ ቸነፈርን የሚመስል፣
አርባ አንድ ቁራጭ።
ከተቃጠለ መጽሐፍ የተረፈ አርባ አንድ ቃል፤
ለመጠርጠር ይበቃል፣
ለመመስከር ይጎድላል።
ዘገባው ላይ «ምናልባት» ብለን ጻፍን፤
ለዚች ቃል ስድስት ወር ደከምን።

በግንቦት ተመለስን፤ ጥርሱ በጥጥ፣ በብልቃጥ።
የኔታ ወደ ፀሐይ አነሡት።
«የበሽታው መጽሐፍ በስንት ፊደል ነው?»
«በአራት።»
ዝም አሉ። ከጎጆው ጀርባ ተማሪ ቅኔ ሲቆጥር ይሰማል።
«በአራት ፊደል» አሉ፣ «ጉባኤ ቃና እንኳ አይሞላም፤
አገር ባዶ ማድረግ ግን አላቃተውም።»
ከዚያ ከዳዊታቸው ማኅደር ደረሰኙን አወጡ፤
«አንድ ጥርስ ይላል። ይህ ግማሽ ነው።»
ነገርኋቸው፤ ሌላው ዱቄት ሆነ፣
ዱቄቱ ንባብ፣ ንባቡም ምናልባት።
«ይጻፍ» አሉ።
ጻፍሁ፦ «ግማሹ ተመልሷል።
ግማሹ ገና በጥያቄ ላይ ነው።»

አዝመራው ጠምዶ ማሳው ዳር ቆሞ ነበር፤
«እና የሱ ነው? የቸነፈር?»
«ምናልባት።»
«እንግዲያው ጦም ይደር።»
ዕርፉን ጨበጠ።
በሬዎቹ ወሰኑ ጋ ሲደርሱ
ጅራፍ ሳይሰሙ ዞሩ።