ቀለሙ ከማን ጋር ዋለ

በመጋቢት ማብቂያ በረዶው ቀለጠ፣
የታርቱ ወንዝ ሞልቶ ከዳሩ አመለጠ፤
ኬሚስትሪ ክፍሉ ምድር ቤት ዘለቀ፣
ሠላሳ አንድ ጠርሙስ ስሙን አስለቀቀ።

ሁሉም ውሃ መሳይ፣ ሁሉም ጥርት ያለ፣
ማነው በዓይኑ አይቶ «ይሄ ያ ነው» ያለ?

ድሮ ሄልዱር ነበር።
ክዳን ከፈት አርጎ፣ አንዴ ሳብ አድርጎ
ስም ይሰጥ የነበር።
አርባ ዓመት ሙሉ በአፍንጫው የፈረደ፣
ዛሬ ግን ሽታ የሚባል ጥሎት የሄደ፤
ዳቦው ማረሩን እንኳ ጢስ ካላየ የማያውቅ፣
በጭቃ ቦቲው ቆሞ ከጠርሙስ ፊት የሚሳቀቅ።

«ተወው» አለች ቪርቬ፣ ጓንቷን እየሳበች፣
«ማሽተት በሕግ ቀርቷል» ብላ እየሳቀች።
ጠቆር ያለ ዱቄት ከብልቃጥ ቆንጥራ
በየቱቦው ጣለች፣ በተራ በተራ።

አንደኛው ፍም ሆነ፣ እንደ ቀይ ሥር ሾርባ፤
ሁለተኛው ሐምራዊ፣ የግንቦት አበባ።
ወንድማማቾች ናቸው፣ ሜታኖል፣ ኢታኖል፤
አንዱ ዓይን ያጠፋል፣ አንዱ ያስጨፍራል።
አሴቶን ጋ ሲደርስ ሣር ሆነ፣ ለመለመ፤
ያው ዱቄት፣ ያው ቁንጥር
እንደ ጎረቤቱ ጠባዩን አረመ።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር
ምን ተምራ እንደመጣች ታውቃላችሁ።
ይሄም እንደዚያው ነው፤
ፈሳሹ ስሙን አይናገርም፣
እንግዳው ላይ ይታይበታል እንጂ።

ከዚያ ብርሃን በዚህ ይገባል፣ በዚያ ይወጣል፤
ማሽኑ መንገድ የቀረውን ቆጥሮ ይጽፋል።
አምስት መቶ ዐሥራ ስድስት። አምስት መቶ ሃምሳ።
ስሙን ያገኘው ጠርሙስ ከጭቃ ተነሣ።

ዐሥራ ዘጠነኛው ላይ ግን ነገር ተበላሸ።
ዱቄቱ ገባ፣ ሟሟ፤ ቀይ የለ፣ ሰማያዊ የለ፤
ማሽኑም ባዶ መስመር ዘርግቶ ምንም አላለ።
«ሞቷል» አለች ቪርቬ፣ ጠርሙሱን ልትደፋ፤
ሄልዱር ከእጇ ሊቀበል ጎንበስ ሲል፣
ዓይኑ እንባ አቀረረ፣
ያ የደነዘዘው አፍንጫው ተወጋ።
ሽታ አልነበረም፤ መርፌ ነው፣ አለንጋ።

«ኮምጣጤ» አለ በሳል መሃል፣
«ውሃ ያልነካው፣ ድፍኑ።
ቀለሙን አፉን የያዘው አሲዱ ነው።»
«አሸተትክ!» አለች፣ ጣቷን ቀስራ።

«አላሸተትኩም» አለ፣ ኪሱ ውስጥ እርሳስ እየፈለገ፣
«እሱ ነው የመታኝ።»