ጥያቄ ሃያ ሦስት

ባጃጅ ጠብቄ ሲሰለቸኝ፣ አራዳ ከጫማ ተራው ጥግ፣
ዐሥር ብር አወጣሁና፣ የምቆረጥመው ስፈልግ፣
ልጅቷ ሰፍራ ሰጠችኝ፣ ገብሱን ከሱፉ ቀይጣ፣
ወረቀት በሾጣጣ አጥፋ፣ ጫፉን በጥርሷ ቆርጣ።
ግማሹን በልቼ ሳልጨርስ፣ ከገብሱ ሥር ፊደል ታየ፤
እኔ ብቻ የምጽፋት፣ እግሯ የተንጋደደች «የ»።

ጥያቄ ሃያ ሦስት።
«እንክብሉን የት ያስቀምጣሉ?»
«ከበርበሬው ቅል ውስጥ ነው፣ በጨርቅ አድርጌ ቋጥሬ፤
ባሌ በርበሬ አይነካም፣ ጨጓራው ነው እስከ ዛሬ።»

አዘዞ ነው የነገረችኝ፣ በሰኔ፣ ዝናብ ሲያካፋ፣
በርጩማዋን ለእኔ ሰጥታ፣ እሷ ጆንያ ላይ አርፋ።
የወፍጮው ጩኸት ሲበረታ፣ ያኔ ነው የተናገረች፤
ሲያቆም ቃሏን አቋረጠች፣ ሲነሣ ደግሞ ቀጠለች።
እኔም ከገጹ አነበብኩላት፣ እንደለመድኩት፣ በጥድፊያ፦
«ስምዎ አይጻፍም። መልስዎን ከእኛ ሌላ ማንም አያየውም።»
«ቃልሽ ነው?» አለች።
«ቃሌ ነው።»
አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች።

ስሟንስ በእርግጥ አልጻፍኩም፤ ኮድ ዜሮ አርባ ሰባት ናት።
ግን ከኅዳጉ ላይ፣ በእርሳስ፣ ዳግም ስመጣ እንዳይጠፋኝ፣
«ከወፍጮው ጀርባ፣ አምስት ልጅ፣ ሰማያዊ ቀለም ያለው በር»
ብዬ ሞነጫጭሬ ነበር።

ለካ በርም ስም ነው።

ማራኪ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ ማሽኑ ቀለም ሲያዝረከርክ፣
ሰባት ገጽ ተበላሸና፣ ልጁ ካርቶን ውስጥ ወረወረ፤
እኔ ስልኬን ስነካካ ነበረ።

ቆሎዬን መሬት አፈሰስኩ። «ነቀዝ አለው እንዴ?» አለችኝ።
«የለውም። ወረቀትሽን ሽጪልኝ። እንዳለ። ሁሉንም።»
በመቶ ሃምሳ ብር ገዛኋት፦ የሂሳብ ደብተር፣ የሠርግ ጥሪ፣
የማን እንደሆነ የማላውቀው የሽንት ምርመራ ውጤት፤
ከሰባቱ ገጽ አምስቱ።
ሁለቱን ወይ ቀሃ ወስዶታል፣
ወይ አሁን አንዱ፣ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ እያነበበው ነው።
«ካፍ የወጣ አፋፍ» ይላሉ፤
ከእጅ የወጣውን ግን ንፋስ ነው የሚያውቀው።

በማግስቱ አዘዞ ወረድኩ።
ወፍጮው እስኪጮህ ጠብቄ ነገርኳት።
ዝም አለች። ተነሣች። ቅሉን ከመስቀያው አወረደች፣
እፊቴ ገለበጠችው። በርበሬ ብቻ።
«አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ ቦታውን ለውጬዋለሁ።
የት እንደሆነ ግን፣ ልጄ፣ ለወረቀትሽ አልነግረውም።»

ከጥናቴ ምዕራፍ ሦስት ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለች፦
«የመረጃ ሰጪዎች ምስጢር ተጠብቋል።»
የመጨረሻዋን ቃል ሰረዝኩ። እስካሁን ምትክ አላገኘሁላትም፤
አማካሪዬ በቀይ ከብበው «ይሟላ» ብለውባታል።

ይህንንም ስጽፍ የበሩን ቀለም ቀይሬዋለሁ፣
የልጆቹንም ቁጥር። ሰፈሩ አዘዞ፣ ጩኸቱም የወፍጮ ላይሆን ይችላል።
በርበሬው ግን እውነት ነው፤
ዐይኔን ያቃጥለኛል።