ጣርማበር ላይ የሚመራ

ሰኞ ጠዋት ነበር፣ ዐሥራ አንደኛ «ለ» ክፍል፤
ሰሌዳው ላይ ስዬ የህዋስን ምስል፣
«ዲኤንኤ ከኒውክለስ አይወጣም፣ ዋና መዝገብ ነው፤
ግልባጩ ነው» አልኩ፣ «በአርኤንኤ የሚሄደው።»

ከኋላ ወንበር ላይ ሸዋንግዛው ተነሣ፤
እንኳን ጥያቄ ስሙንም የሚረሳ።
«ቲቸር፣ ግልባጩ እግር የለው፣ ዓይን የለው፣
በዚያ ጠባብ በር ላይ ማነው የሚያሻግረው?»

መልሱን አውቀው ነበር፣ ከመጽሐፉ ገጽ፤
«ፕሮቲን ነው» አልኩት። ቃል ሆነ እንጂ አልሆነም ቅርጽ።

እሁድ ማታ ታዲያ፣ ከደብረ ብርሃን ስመለስ፣
አይሱዙ ጋቢና ነኝ፣ ከኋላዬ ብርድ ልብስ፤
ጣርማበር ስንደርስ መንገዱ ጠፍቶ፣
የመኪናው መብራት በጉም ተበልቶ፣
ሾፌሩ ቆመ። መጣ አንድ ሰው በባትሪ፤
«ይፍሩ ነው» አለኝ፣ «በጉም ውስጥ መሪ።»

ከፊት ፊት ተራመደ። እኛ ኋላ ኋላ።

ዋሻው እስከ አፉ ሞልቶት ጉም ባዘቶ፣
ማንም ደፍሮ አይገባም በጉልበቱ ተመክቶ፤
ይፍሩ ግን እየነካ፣ እየለቀቀ፣ እየነካ…
ባዘቶው ራሱ ይገለጥለታል ለካ።

ሸዋንግዛው ትዝ አለኝ፣ ሳቅም አመለጠኝ፤
«ምን ሆንሽ?» ቢለኝ ሾፌሩ መልሱ ጠፋኝ።
እንዴት ብዬ ልንገረው፣ መሪ የጨበጠው እጁ
በየህዋሱ ቅጥር ስንት ሺህ ጣርማበር እንደሆነ ደጁ?

ከወዲያኛው አፍ ላይ ጉሙ ሳስቶ፣
አንድ ገመድ አየን መንገድ ላይ ተዘርግቶ፤
አሰገደች ናት፣ ኬላ ጠባቂዋ፤
ያለ ሂሳብ አይፈታም፣ አይላላም ገመዷ።
ብሯን ቆጠረች፣ ገመዱን ፈታች፣
ይፍሩን በትከሻው ያዝ አድርጋ መለሰች፤
«በቃህ፤ ከላይ ሌላ መኪና ቆሟል፣ ሂድ፤
ከዚህ ወዲያ የነሱ ነው መንገድ።»

እሱም አልጠየቀ የጫንነው ምን እንደሆነ፤
ባትሪውን አዙሮ ሄደ፣ ጉሙም ከደነ።
እኛም ያለ ይፍሩ ወደ ኋላ የለንም፤
ቁልቁለት ነው ቀሪው፣ እንመለስ ብንልም።

ሰኞ መዝገብ ይዤ ስም ስጠራ በተራ፣
«ሸዋንግዛው ይፍሩ» ላይ ድምፄ ትንሽ ፈራ።
(ይፍሩ ብዙ አለ በዚህ አገር፤ አልጠየቅሁም።)
«አቤት» አለ። ሌላ አላለም፣ እኔም አልደገምሁም።

ጠመኔ አነሣሁና በሩን ሳልሁት ዳግም፤
ሞላሁት ባዘቶ፣ ማዶው ላይ አንድ ገመድም፤
ፕሮቲኗን በቢጫ፣ የምትሄድ የምትመለስ፣
ያደረሰችውን ለብሳ የማታውቅ ብርድ ልብስ።

ሸዋንግዛው አጎንብሶ ደብተሩ ላይ ገለበጠ፤
አንድ ነገር ጨመረ፦ ፕሮቲኗን ባትሪ አስጨበጠ።

ደወል ሆነ። ሰሌዳው ግድግዳው ላይ ቀረ፤
ደብተሩ በብብት ሥር በበሩ ተሻገረ።