ባዶ ያልሆነ ሁሉ

ሐይቁ ረግቶ ቆሟል፣ መርከብም ተኝቷል፤
በተንደር ቤይ ሌሊት ስንዴ ብቻ ነቅቷል።
የሰባተኛው ጎተራ በር፣ ማንም ሳያዘው፣
ወለል ብሎ ተከፍቶ፣ ምድር ቤቱን ስንዴ ዋጠው።

የደወለችልኝ አይሊ ኮስኬላ ናት፤
ሠላሳ ክረምት በዚያ በር የነጋባት።
«አልሰማሁም እንዳይል፣ አልነገርኩት በአፌ፤
"ይከፈት?" ሲለኝ "አይ" ብያለሁ ጽፌ።
ታዲያ ምን አነበበ ያንተ ማሽን?» አለች፤
ስልኩ ውስጥ የስንዴ አቧራ እየሳለች።

ሻይ በቴርሞስ ይዤ ኮዱን ገለጥኩት፤
ከስምንት ዓመት በፊት እኔው የጻፍኩት።
ላይኛው ቤት ፓይተን ነው፣ ለስላሳ አንደበት፤
ታችኛው ቤት ሲ ነው፣ በር የሚገፋ ብረት፤
በመሐል ያቆምኩት የኔ አስተርጓሚ
ከላይ ቃል ተቀባይ፣ ለታች ቤት አሰሚ።

ያስተማርኩት ያኔ አንድ ጥያቄ ነው፦
ከረጢት እንደሚዳብስ ኬላ ጠባቂ፣ «ባዶ ነው?»
ባዶ ከሆነ፣ ሐሰት፤ አንዳች ካለው፣ እውነት፤
ምን እንደያዘ አይጠይቅም፤ ይበቃዋል ክብደት።
«አይ» ደግሞ ሁለት ፊደል ነው፤
ሁለት ፊደል ባዶ አይደለም፤
በሩ
«አዎ» ተባለ።

መጀመሪያ ሳቅኩኝ። ቀጥሎ ዓይኔ ወረደ፤
ሌላም መስመር አለ፣ ከዚያ የከበደ፦
የተጠየቀው ነገር መልስ ሲያቅተው፣ ሲታመም፣
አንድ አይልም፣ ዜሮም አይልም፤
«ነጋቲቭ አንድ» ይላል፦ አትጠይቁኝ፣ ተሰብሬአለሁ።
እኔ ግን ያን ጩኸት ስምንት ዓመት ሙሉ
ዜሮ አይደለምና «እሺ» ብዬ ቆጥሬአለሁ።

ስንት በር ከፍቼ ይሆን በሌላው ሕመም?

ሊነጋጋ ሲል አጠበብኩት። ከእንግዲህ አስተርጓሚው
እውነት ራሷ ካልመጣች፣ ሐሰት ራሱ ካልቀረበ፣
ቃል ይዞ፣ ቁጥር ይዞ፣ ዝርዝር ይዞ የመጣውን
ከደጅ ይመልሳል፤ ሦስተኛው መልስ ከመጣም
እጁን አንስቶ ይቆማል። በር አይነካም።

ለዴቭሊን ደወልኩ፣ ቶሮንቶ ላለው አለቃ።
«ተስተካከለ?» አለኝ።
እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ፤
አዎ ማለቴ ነበር።
«ሄሎ? አለህ? ምነው፣ ደነገጥክ እንዴ?»

ለአይሊ ደወልኩ። «ተዘጋ?» አለች።
ሳብ።
ወዲያ ማዶ እሷም ሳብ አደረገች፤
«አክስቶቼ ሁሉ» አለች፣ «"ዮ" የሚሉት እንዲህ ነበር፣
ቃሉን ወደ ሆዳቸው እየመለሱ።»
ያን ትንፋሽ ለአስተርጓሚዬ ብሰጠው
ዳብሶ፣ ዳብሶ፣
«ባዶ ነው» ይል ነበር።

ከዚያ ስልኩን ሳትዘጋው አስቀመጠችው መሰለኝ፤
አካፋ ሲፍቅ ሰማሁ
ሲሚንቶ ላይ፣
ስንዴ።